ክብር ለጌትዌዩ ጌታ

ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ማማረር እኮ ሁሉም ይችልበታል።

ድሮ ጌትዌይ (ኢንተርኔቱ ወደ ኔትወርኩ የሚገባበት በር ነው) የሚለው ቃል "ጌታ" ከሚለው የመጣ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ሳየው ብዙም አልተሳሳትኩም። የኛ ሜሽ ኔትወርክ 12 ቤት ነው፣ ኢንተርኔቱ በአንድ ጣራ በኩል ይገባና ከራውተር ራውተር እየተቀባበለ እስከ ዳር ይሄዳል። ጌታው የምላቸው ጎረቤቴ ያሉት ከመግቢያው አንድ ሆፕ፣ ማለትም አንድ ቅብብል ላይ ነው፣ እኔ ሦስተኛው ላይ፣ በሳቸው ራውተር ተሻግሬ። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ራውተር እየሰማ ማውራት አይችልም፣ አየሩ ደግሞ የጋራ ነው፣ ስለዚህ የኔ ፓኬት (ዳታው ተቆራርሶ የሚላክበት ቁራሽ) ሦስት ጊዜ አየሩን መያዝ አለበት፣ ሁሉ ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ እኔ ጋ የሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው። ይሄ ፊዚክስ ነው፣ ፊዚክስን አልከስም። ከሲሶው የሚተርፈውን የሚወስደው ግን የጌታው ጥበብ ነው፣ ጥበብ ደግሞ ይመሰገናል።

ትጋታቸውን ላስቀድም። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲያነሳ ጌታው ዳውንሎድ ይጀምራሉ። ሌሊት አየሩ ባዶውን ሲያድር ማውረድ ይቻል ነበር፣ ግን ባዶ ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው ምን ደስታ አለው፣ ከሰው አፍ ሲነጥቁት ነው እንጂ የሚጣፍጠው። ደግሞ እንደ ተራ ሰው በአንድ ኮኔክሽን አይደለም፣ 30 ከፍተው ነው። ቲሲፒ የሚሉት የዳታ መላላኪያ ደንብ የዋህ ስለሆነ እኩል ለማካፈል የሚሞክረው ለሰው ሳይሆን ለኮኔክሽን ነው፣ እና እኔ በአንዷ ተሰልፌ ስጠብቅ እሳቸው 30 ሰው ሆነው ይቆማሉ፣ ከ31 እጅ 30ው የሳቸው፣ አንዷ የኔ፣ እሷም መንገዷ ስለሚረዝም ሙሉዋን አትደርስም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አይደል ተረቱ?

አንቴናቸውም አለ። ሲግናል ደከመብኝ ብለው አንድ ትልቅ ነገር ጣራ ላይ ሰቀሉ፣ የሬዲዮውንም ፓወር እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ዋይፋይ ጨዋ ፍጥረት ነው፣ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፣ ሰው እያወራ ከሆነ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ድሮ ድምፃቸው የማይደርሳቸው ቤቶች ሁሉ አሁን እሳቸው በተነፈሱ ቁጥር ዝም ጭጭ ነው፣ እሳቸው ግን የሩቁን ደካማ ድምፅ ስለማይሰሙ ማንንም አይጠብቁም። ያውርዱት ብለን ለመንን። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል፣ በተለይ ሰቃዩ ራሱ ሌላ ነገር እያወረደ ከሆነ።

ለአሮጌ እቃ ያላቸው ርህራሄም አይረሳም። ጓሮ ያለችው ካሜራቸው ሲግናሉ ስለማይደርሳት በሰከንድ በ1 ሜጋቢት ታዘግማለች፣ አትጣልም። ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት በ11 ሜጋቢት የሚሮጡ መሳሪያዎች መሀል እንዲህ ያለች አንዲት ከገባች ሁሉም ከ1 ሜጋቢት በታች ይወርዳሉ፣ ለምን፣ ተራው የሚሰጠው በፓኬት እንጂ በጊዜ አይደለማ፣ ተራዋ ሲደርስ አየሩን ይዛ ስትንቀራፈፍ ሌላው ይጠብቃታል። ሽማግሌ ማክበር ማለት ይሄ ነው።

ከሁሉም ግን የሚገርመኝ የስፒድ ቴስት ፍቅራቸው ነው። ስፒድ ቴስት ማለት እኮ መስመሩን ግጥም አድርጎ ሞልቶ ስንት እንደያዘ ማየት ነው፣ ጌታው በየ10 ደቂቃው ይለካሉ። የጋራው እንስራ ውስጥ ውሃ መኖሩን ለማወቅ እንስራውን ይገለብጡታል፣ ከዛ ባዶ ነው ብለው ይቆጣሉ።

አንድ ልጅ፣ ልጅነት ነው መቼስ፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ኬክ የሚባል የፓኬት ወረፋ አስያዥ ፕሮግራም አለ አለ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ በነፃ ያለ ነው፣ ጌትዌዩ ላይ አስተካክለው ከጫኑት ባንድዊድዙን መጀመሪያ በቤት ያካፍላል፣ በኮኔክሽን የሚያካፍለው ከዛ በኋላ ነው፣ 30 ከፍተህ 30 ድርሻ የለም። ጌታው ፈገግ አሉ፣ "ኢንተርኔት ነፃ መሆን አለበት፣ ሰው እንዴት ይገደባል?" አሉ፣ እኛም በሀሳቡ ትልቅነት አጨበጨብን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ጮክ ብሎ የሚናገር ይሉኝታ ቢስ መሀላችን አልነበረም።

ለነገሩ የፍትሃዊነት መለኪያ ቀመርም አለ፣ ራጅ ጄን ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሁሉም እኩል ሲደርሰው 1 ይሆናል፣ ከ12 ቤት አንዱ ጠቅልሎ ሲወስድ ወደ 0.083 ይወርዳል። ጌታው ሲያሰሉት ግን ሁሌ 1 ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም የሚቆጥሩት አንድ ቤት ብቻ ነው።

እኔም ተጠቅሜባቸዋለሁ፣ አልክድም። ባለፈው የስራ ኢንተርቪው ነበረኝ፣ በቪዲዮ። ሰውየው "ጫና ሲበዛብህ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ አፌን ስከፍት ጌታው ዳውንሎዱን ጀመሩ። ፒንጉ (ፓኬት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ30 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 3 ሺህ አለፈ፣ ፓኬቶቼ እሳቸው ራውተር ውስጥ ከሳቸው ፓኬት ኋላ ተሰልፈው ቀሩ፣ ሰውየው ስክሪን ላይ እኔ አንድ አይኔን ጨፍኜ አፌን ከፍቼ ደረቅሁ። እኔ ግን አላወቅሁም፣ እጄን እያወናጨፍኩ ለአራት ደቂቃ ስለ ትዕግስት አስረዳሁ።

ይሄን እየጻፍኩ የግሩፑ መልእክት ገባ፣ የተላከው ከ40 ደቂቃ በፊት ነው። ጌታው ናቸው፣ ከስፒድ ቴስት ስክሪንሾት ጋር፦ "ዛሬም ትንሽ ቀንሶብኛል። ይሄን ኔት የሚጨርስብን ሰው እባካችሁ ይጣራልኝ።" ወዲያው መልስ ጽፌ ላክሁ። አጠገቡ ያለችው የሰዓት ምልክት እስካሁን እየዞረች ነው።