ጅሬን ድረስ መውጣት ያቃታችሁ

የጅማ ሰዎች፣ የምናገረው ለእናንተ ነው። ሌላ አገር ተቀምጦ እሳት ለሚያቀብለው አይደለም፤ የእርሱ ሥራው ነው። እናንተ ግን በፈረንጅ አራዳ፣ በሂርማታ፣ በቦሳ፣ በቆጪ የምትኖሩ ናችሁ። «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጥቃት ደረሰበት፣ እየነደደ ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ ቀና ብላችሁ የጥንቱ የጅማ ንጉሥ ቤት ወደቆመበት ወደ ጅሬን ኮረብታ እንኳ አላያችሁም። ስልካችሁ ላይ አቀረቀራችሁ፣ የደረሳችሁን ለሌላው አስተላለፋችሁ። ከመሀል ከተማ ጅሬን 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባጃጅ ይወስዳል። አንድም ሰው አልሄደም።

የተላለፈውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። የሚነድደው የብሎኬት ግንብ ነው፤ መስኮቱም የብረት ፍርግርግ አለው። የአባ ጅፋር ቤት በእንጨት የተሠራ፣ ሰገነት ያለው ቤት መሆኑን የማያውቅ የጅማ ልጅ አለ? በእሳቱ ፊት የሚሮጡት ሰዎች ደግሞ አቧራ ያቦናሉ። ያን ዕለት ጅማ ከቀትር ጀምሮ ዝናብ ሲወርድባት ነው የዋለችው፤ እናንተው ራሳችሁ ጃንጥላ ይዛችሁ ስትሮጡ ነበር። ጫማችሁ ላይ ያለውን ጭቃ ሳታራግፉ አቧራውን አመናችሁ። ከቪዲዮው ጋር «የአክስቴ ልጅ እዚያው ነው፣ በዓይኑ አይቷል» የሚል ድምፅም ተልኳል። የማን አክስት? የትኛው ልጅ? ድምፁ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር አመሸ፤ የአክስቲቱን ልጅ ስም የጠየቀ ግን አልተገኘም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ይባላል። ዶሮዋስ የታነቀችው ብቻዋን ነው፤ እናንተ ሰፈር ይዛችሁ ልትታነቁ ነበር።

ወሬው የአጥቂውን ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ፖለቲካው በጋለበት በዚህ ሰሞን ባዶውን ቦታ ሁሉም እንደየጥርጣሬው ሞላው። አንዱ «የእነ እገሌ ሥራ ነው» አለ፤ ሌላው «እኛን ለማስመታት ራሳቸው ያቀነባበሩት ነው» አለ። ባልተደረገ ነገር ላይ አድራጊ ፍለጋ ተጣላችሁ። በእኔ ሰፈር አንድ ባለሱቅ አለ፤ ልጆቹን እዚሁ ወልዶ ያሳደገ፣ ለግማሻችን በዱቤ የሚሸጥ ሰው ነው። ገና 12 ሰዓት ሳይሆን በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ፣ ጨው ልትገዛ የመጣችን ሕፃን በቀዳዳ «ሂጂ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» ሲላት ሰማሁ። ልጅቱ ብሯን በጭብጧ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ከየክልሉ ለትምህርት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እየደወሉ ወላጆቻቸውን እንቅልፍ ሲነሱ አደሩ። «ንቁ» እያላችሁ የላካችሁት መልእክት የሠራው ሥራ ይህ ነው።

ለአባ ጅፋር ክብር ብለን ነው የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲገሰግስ ምን አደረጉ? የሰሙትን መዘኑ፣ የራሳቸውንም የባላጋራቸውንም አቅም አሰሉ፣ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1894 ወላይታ፣ በ1897 ካፋ በጦርነት ሲወድቁ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ፣ ሂርማታ ገበያዋ ከየአቅጣጫው ነጋዴ እየሳበ፣ እስከ 1930ዎቹ መባቻ ዘለቀች። (ወላይታም ካፋም የተዋጉበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ እዚህ የማነሣው ማን ጀግና ነበር ለማለት አይደለም።) እውነተኛ ጦር ደጃፋቸው ሲደርስ ያልቸኮሉ ንጉሥ ነበሩ። እናንተ በስማቸው ለመደባደብ የተነሣችሁት ምንጩ ባልታወቀ ቪዲዮ ነው።

ደግሞም እንጠያየቅ። ያን ማታ «ለጅሬን እንሞታለን» ብላችሁ የጻፋችሁት፣ ጅሬንን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ብዙዎቻችሁ በተማሪነታችሁ፣ መምህር እየነዳ ወስዷችሁ ነው። በሙዚየሙ ያለውን የንጉሡን ዕቃ ለልጆቻችሁ ያሳያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የእንጨት ቤት ዋነኛ ጠላቱ ምስጥና ዝናብ ነው፤ ጅማ ደግሞ ሁለቱም ሞልተውላታል። ለእድሳት አዋጡ ሲባል ኪሱን የሚደብቅ ሰው ለበቀል ሲጠሩት ቀድሞ መገኘቱ ያስተዛዝባል።

ከተማዋን እናስተዳድራለን የምትሉም አትስቁ። አንድ ሰው ጅሬን ልካችሁ፣ ቤቱን ቆሞ እያሳየ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሁለት ደቂቃ እንዲናገር ማድረግ ያን ማታውኑ ትችሉ ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ «ኅብረተሰቡ እንዲረጋጋ» የሚል ወረቀት ለጠፋችሁ። ቤቱ ደህና ነው የሚል ቃል እንኳ የለበትም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የላካችሁትን እየሰረዛችሁ ነው፤ አይቻለሁ። መሰረዝ ማረም አይደለም፤ ያነበበው አንብቦታል፣ ያመነውም አምኖታል። ሐሰቱን በላካችሁበት ቡድን ሁሉ፣ በዚያው ስማችሁና በዚያው ድምፃችሁ፣ «የላክሁት ሐሰት ነበር፣ ቤቱ ቆሟል» ብላችሁ ላኩ። በሩን ወደ ቀረቀረው ጎረቤታችሁ ግን በስልክ ሳይሆን በእግራችሁ ሂዱ፤ ዱቤ ያለባችሁም ከፍላችሁ ተመለሱ።