የቀናች ልጅ የተበላሸች አይደለችም

ወንድሜ፣ ለደሴዋ እናት «ቅናት የአስተዳደግ ጉድለት ነው፤ ችላ ቢሏት ራሷ ትተወዋለች» ብለው የሰጡት ምክር እርማት ያስፈልገዋል። እናትየዋ የጠየቁት ልጃቸው የልብ ጓደኛዋ ከአዲሷ የተከራይ ልጅ ጋር ሱዚ ስትዘል አይታ ስላኮረፈች ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የስድስት ወር ሕፃናት እንኳ እናታቸው ሕፃን የሚመስል አሻንጉሊት ስታባብል እንደሚከፋቸው አሳይቷል። የስድስት ወር ልጅ ምን አስተዳደግ ተበላሽቶበት ነው? በ2003 ደግሞ በኮምፒውተር የኳስ ቅብብል ላይ ኳስ የተነፈጋቸው ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ ከአካል ሕመም ሥቃይ ጋር የሚያያዝ ክፍል ሲነቃ ተገኝቷል። መገለል ያማል ማለት ነው።

ችላ የተባለች ልጅ ቅናቱን አትተወውም፤ መደበቅን ትለምዳለች። በቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ በጎረቤት ፊት «የእኔዋ ቅናተኛ» እያሉ ማውራትማ ይብሳል (ልጆች የማይሰሙ ይመስለናል)። «ሳይጠሩሽ ሲጫወቱ ሆድ ባሰሽ፣ አይደል?» ቢሏት ይሻላል። ምክሩ ካለቀሰች በኋላ ይደርሳል።

ሱዚ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ጨዋታ ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱን ጫፍ ከምሰሶ ወይም ከወንበር እግር ጋር ያስሩታል፤ ወንበሩም ይንሸራተታል። ስለዚህ «ለምን ተውሽኝ?» ብላ ከምታለቅስ «ልያዝላችሁ» ብላ ብትጠጋ ደስ ብሏቸው ይቀበሏታል፤ ተራዋም ይደርሳል። እየሰደቡ ዕለት ዕለት የሚያባርሯት ከሆነ ግን ነገሩ ቅናት አይደለም፤ የዚያኔ እናትየዋ የልጆቹን ወላጆች ማነጋገር አለባቸው።