ሰባቱ የማይዳሰሱ ሰርቨሮች

ባለፈው ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ መስኮት ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ ነበር። ስለ ጠዋቱ ብርድ ለአገሩ ሰው አልነግርም። መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር አንዲት ልጅ ብቅ ትልና ሁላችሁም በቃላችሁ የምታውቁትን ትናገራለች፦ «ሲስተም የለም።» እንደ ሌላው ጊዜ ረግሜ ብሄድ ኖሮ ይቀርብኝ ነበር። ስለ ቆየሁ ግን ሥርዓቱን ደረስኩበት። ሲስተሙ ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ደቂቃ አያዛንፍም። በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሰዓት የሚያከብር ነገር አግኝቼ ስለማላውቅ ልቤ ተነካ፤ ይህንንም የምስጋና ጽሑፍ የወለደው እሱ ነው።

ምስጢሩን የነገረኝ እዚያው የሚሠራ ዘመዴ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰባት አሮጌ ሰርቨሮች፣ ማለትም መስኮቱን ሁሉ የሚያገለግሉ ዋና ኮምፒውተሮች፣ ነበሩት። አንድ ትልቅ አዲስ ማሽን ተገዛና የሰባቱ ዲስክ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ውስጡ ገባ፤ ሰባቱም ቨርቹዋል ማሽን፣ የራሳቸው ብረት ሳይኖራቸው በሌላው ውስጥ በፕሮግራም የሚኖሩ ኮምፒውተሮች፣ ሆኑ። ሥራው ራሱ ነውር የለበትም፤ ዓለም ሁሉ ያደርገዋል፣ መብራት ይቆጥባል፣ ቦታ ያስለቅቃል። ችግሩ ነፍስ ከሥጋ ሲለይ ላይሰንሱ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ ከሥጋው ጋር መቅረቱ ነው። ከሰርቨሩ ጋር አብሮ በቅናሽ የተሸጠ ዊንዶውስ ፈቃዱ የዚያው የብረቱ ነው፤ እንደ መንዝ ርስት ለልጅ ልጅ አይወርድም። ስለዚህ ማሽኑ በአዲሱ ቤት ሲነቃ ዙሪያውን ያያል፣ ማዘርቦርዱን አያውቀውም፣ የኔትወርክ ካርዱን አያውቀውም፣ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ላይሰንስ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ የሚመሰገነው። ለአዲሱ ማሽን የተገዛው የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ እትም ነው። ይህ እትም ከ2016 ሥሪት ጀምሮ የሚቆጠረው በፕሮሰሰሩ ኮር፣ በማሽኑ አንጎል ክፍልፋይ፣ ነው፤ በአንድ ማሽን ከ16 ኮር ያነሰ አይገዛም። ሁሉም ኮር ከተሸፈነ በኋላ የሚፈቀደው ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ነው። ለሰባት አራት እጥፍ መግዛት ነበረበት። እሱ ግን አገሩ የእንግዳ ተቀባዮች መሆኑን ያውቃል፤ በሁለት አልጋ ሰባት አሳደረ። የቀሩት ሲያጉረመርሙ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ «ክራክ» የሚባለውን ያለ ፈቃድ የሚያሠራ መድኃኒት አጠጣቸው፤ ምን ዓይነት ቫይረስ አብሮ እንደ ገባ መጠየቅ እንግዳን ዘርህ ምንድን ነው እንደ ማለት ነው። ዋናው ሰርቨር አልሻል ሲለው ደግሞ እንደገና በሙከራ እትም ጫነው። የሙከራው ዕድሜ 180 ቀን ነው፤ ጥቂት ጊዜም ይራዘማል። አራዘመ፣ አራዘመ፣ የተሻለ ደመወዝ አገኘና ሄደ። ዕድሜው ያለቀ የሙከራ ሰርቨር በየአንድ ሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። እኔ የመስኮቱ ትጋት ያልኩት ይኸው ኖሯል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ባለሙያው ከመልቀቁ በፊት የመጣውን የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የንብረት ኃላፊው መዝገባቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ሁለት አባላት፣ ሰርቨር ክፍል ገቡ።

«ሰባት ሰርቨር በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። የታሉ?»

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ናቸው» አለ ባለሙያው ልጅ አዲሱን ማሽን እየጠቆመ።

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

«እስቲ ክፈተው።»

ተከፈተ። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ማራገቢያውን አዩ፣ ሽቦውን አዩ፣ በእጃቸውም ዳበሱ። «አንድም የለም» ብለው ለጸሐፊው አስጻፉ። ልጁ ስክሪን ላይ ሰባቱን በስም አሳያቸው። «ይህማ ሥዕል ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ!» አሉ። ያመጧቸው ሰባት የመለያ ቁጥር ተለጣፊዎች ግን መለጠፍ ነበረባቸው፤ ያልተለጠፈ ተለጣፊ ራሱ ጉድለት ነው። አንደኛው አባል ስክሪኑ ላይ እንለጥፍ ሲል ሁለተኛው ስክሪኑ ሲቀየርስ ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ሰባቱም በአዲሱ ማሽን ደረት ላይ ተደረደሩ። የራሱ ሲጨመር ስምንት። እንደ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ኒሻኑን ደርድሮ ቆሟል አሉ።

ቀጥሎ ወደ መጋዘን ተሄደ። ሰባቱ አሮጌ ቀፎዎች እዚያ ተደርድረው ተኝተዋል፤ የላይሰንሱ ተለጣፊ በጎናቸው እንደ ክታብ እንደ ተንጠለጠለ። ሥጋው ላይሰንሱን ታቅፎ መጋዘን ይተኛል፤ ነፍሱ ያለ ላይሰንስ ደንበኛ ያስተናግዳል። ከአንዱ ቀፎ ጀርባ የአውራ ጣት የምታክል ቁልፍ ተሰክታ ተገኘች። የደመወዝ ፕሮግራሙ ያለ እሷ አይከፈትም፤ ልጁ ደመወዝ በደረሰ ቁጥር ወደ አዲሱ ማሽን እየወሰደ ይሰካትና እዚያው ይመልሳት ነበር። ኮሚቴው ነቅሎ «ፍላሽ ዲስክ፣ ብዛት 1፣ አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ ለማስወገጃ መዘገባት። የዚያን ወር ደመወዝ በስምንት ቀን ዘገየ። ላይሰንስ ምን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የተማረው በዚያ ሳምንት ነው፤ ስልጠና ቢዘጋጅ ውሎ አበል ያስወጣ ነበር።

በነገራችን ላይ ልጁ አንድ ጊዜ ላይሰንስ ይገዛ ብሎ ጽፎ ነበር። ግዥ ክፍል «ናሙና ይቅረብ» ብሎ መለሰለት። ናሙና ብሎ የላይሰንሱ መክፈቻ የሆነ 25 ፊደልና ቁጥር ያለበት ወረቀት ቢያሳይ ንብረት ክፍል «ለወረቀት ሞዴል 19 አልቆርጥም» አለ። የሕግ ክፍሉም የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚጠብቀውን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጠቅሶ አስተያየት ጻፈ፤ የጻፈበት ፕሮግራም በክራክ የተከፈተ ነበር።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ማክሰኞ ዕለት ከፊቴ የቆሙት እናት ከመሐል ሜዳ የመጡ ናቸው። ሰኞ «ሲስተም የለም» ተብለው ቤርጎ ከፍለው አድረዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ይንቀጠቀጣሉ። ያ አዲስ ማሽን ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ሰንጋ ወድቋል፣ ባነር ታትሟል። ለሥጋው ብር ነበረ፤ ለላይሰንሱ ነው የጠፋው። የማይዳሰስ ነገር ዋጋ የለውም የሚል ሰው የእኚያን እናት ሁለት ቀን በየትኛው ሞዴል ገቢ ሊያደርግላቸው ነው? እሳቸውማ ይዳሰሳሉ! እጃቸው እንዴት እንደ ቀዘቀዘ እኔ ጨብጬ አውቀዋለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወረደባት ብለው በቆረቆሯት ከተማ ስክሪኑ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ዳግመኛ ጠቆረ። ማሽኑን ሄዶ የሚያስነሳ ሰው ተፈለገ። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ንብረት ኃላፊው ዘንድ ነው፤ እሳቸው ቀብር ሄደዋል። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጡና ሲስተሙ ተነሳ፤ እናትየዋ ፎርማቸውን በመስኮቱ አስገቡ። ልጅቷ ተቀብላ አየችው።

«ማዘር፣ ኮፒ ይጎድላል። ከውጭ አስነሥተው ይምጡ» አለቻቸው፤ እኔም ሰዓቴን አየሁ።