«አሜሪካኖችን ሰብስበው ነው» ለምትሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። የፊሊፒንስ ሴቶች በኳስ የሠሩት ነገር በተነሳ ቁጥር «ኧረ ተዉን፣ እነሱማ አሜሪካኖችን ሰብስበው ነው» የምትሏትን ነገር ተዉአት። ግማሽ እውነት ናት። ወደ እኛ ስትዞር ደግሞ የምታሳፍረው እኛኑ ነው።

እስኪ ሳሪና ቦልደንን እንያት። ካሊፎርኒያ ተወለደች፣ ሚልፒታስ አደገች፣ የኮሌጅ ኳሷንም እዚያው ሎዮላ ሜሪማውንት ተጫወተች። አዎ፣ አሜሪካዊት ናት፣ ማንም አልደበቀም። ለፊሊፒንስ መሰለፍ የጀመረችው በ2018 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)፣ ገና የ21 ዓመት ልጅ ሆና። ታዲያ አልጋ በአልጋ የሆነላት እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት ዮርዳኖስ ላይ በተካሄደው የእስያ ዋንጫ፣ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀራቸው ደቡብ ኮሪያ 5 ለ 0 ሸኘቻቸው። ሌላ ዕድል የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2022፣ ህንድ ፑኔ ላይ ነው። ከቻይኒዝ ታይፔ (ከታይዋን) ጋር 1 ለ 1 ወጥተው መለያ ምት ገቡ። የመጨረሻዋን ምት የመታችው ቦልደን ናት። አገባቻት፣ ፊሊፒንስም በወንድም በሴትም ታይቶ ለማይታወቅ የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ አለፈች።

ከዚያ 2023 ዌሊንግተን። ኒውዚላንድ አዘጋጅ ናት፣ በመክፈቻው ኖርዌይን ያክል ቡድን አሸንፋ ነው የመጣችው። በ24ኛው ደቂቃ ሳራ ኤገስቪክ ኳሷን ወደ ሳጥን ውስጥ አሻገረች፣ ቦልደን ከተከላካዮች በላይ ዘላ በግንባሯ ገጨቻት። በረኛዋ ቪክቶሪያ ኤሰን እጇን አስነክታታለች፣ ግን ማስቀረት አልቻለችም። 1 ለ 0። በሁለተኛው አጋማሽ ኒውዚላንዶች አቻ አደረግን ብለው ሲጨፍሩ ቫር (የቪዲዮ ዳኝነቱ) ከጨዋታ ውጪ ብሎ ሻረባቸው። ውጤቱ እንደዚያው አለቀ፣ ፊሊፒንስ በዓለም ዋንጫ ያገባቻት የመጀመሪያዋ ጎልና ያሸነፈችው የመጀመሪያ ጨዋታ ሆነ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኖርዌይ 6 ለ 0 ቀጥቅጣ አሰናበተቻቸው፣ ይህም መነገር አለበት። ጎሏን ያመቻቸችው ኤገስቪክ ደግሞ የተወለደችው እዚያው ኖርዌይ ነው።

አሁን «ሰብስበው ነው» ወደምትሏት እንምጣ። እነዚህን ልጆች ማንም ከገበያ አልገዛቸውም። የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት አባቱ ወይም እናቱ ፊሊፒናዊ የሆነን ልጅ የትም ይወለድ የት ዜጋዬ ነው ይላል። በ2003 ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ተወላጆቻቸው የቀድሞ ዜግነታቸውን መልሰው እንዲይዙ፣ ሁለቱንም ይዘው እንዲኖሩ ሕግ አወጡ። ውጭ ያለ ሰዋቸውን መቁጠር የጀመሩት ኳስ ትዝ ሲላቸው አይደለም። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሠርታ የመጣች እህታችሁን ጠይቋት። የፊሊፒንስ መንግሥት ለቤት ሠራተኞቹ ቢያንስ 400 ዶላር ካልተከፈለ ብሎ ደንብ ሲያወጣ፣ የእኛዋ እዚያው ሰፈር ያንኑ ሥራ በስንት ትሠራ እንደነበር ትነግራችኋለች።

እኛስ? በ378/1996 የዜግነት አዋጃችን (ይቺ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ናት) መሠረት ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘች የእህታችሁ ልጅ፣ 18 ዓመት ከሞላት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትታ ኢትዮጵያዊነቴን መርጫለሁ ካላለች፣ በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል። በእጇ ያለው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ቪዛ ያስቀርላታል፣ ሥራም ያሠራታል፣ ማሊያ ግን አያስለብሳትም። ለብሔራዊ ቡድን ለመሰለፍ ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው። ስለዚህ «የእነሱ አይደሉም» ብላችሁ በፊሊፒኖች ስትስቁ፣ በወረቀት የእናንተ ያልሆኑት የገዛ እህቶቻችሁ ልጆች ናቸው!

ጥምር ዜግነት ይፈቀድ አይፈቀድ ብዙ የሚያከራክር ነገር ነው፣ አሁን እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ሲሰለፍ «አባቱ የእኛ ነው» ያላለ ማን አለ? እህቱ አና ለዚያችው ለቼክ ብሔራዊ ቡድን እጅ ኳስ እንደተጫወተች ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚህ ነን። ለወንዱ ዘር እንቆጥራለን፣ ለሴቷ ስሟንም አናውቅ።

ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት፣ ግማሽ እንኳን የማትባል፣ ሙሉ በሙሉ የእኛው። ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ጎል አገባች። በ2024 ዲሲ ፓወር የሚባለው የሴቶች ክለብ አስፈረማት፣ ዋሽንግተን፣ አውዲ ፊልድ፣ የአበሻ መናኸሪያ በሆነው ከተማ እምብርት። እስኪ እናንተ የዲሲና የቨርጂኒያ ሰዎች፣ በየዓመቱ ለበጋው የኳስ ፌስቲቫል አገር አቋርጣችሁ የምትበርሩ፣ ለእሷ ጨዋታ ትኬት የቆረጣችሁ እጃችሁን አውጡ። አዲስ አበባ ያላችሁም አትሳቁ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ላይ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ልጅቷ ቁምጣ ለብሳ በሰፈር ስታልፍ ግን «ወንዳወንድ» የሚላት አይጠፋም። በ2004 ከአፍሪካ አራተኛ የወጡት ሉሲዎች፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን እኮ በዚህ ሁሉ ስድብ መሀል ነው ተጫውተው ያደጉት።

እና ሜሪላንድም ሚኒሶታም ሆናችሁ ቅዳሜ ማለዳ ልጃችሁን በመኪና ልምምድ የምታደርሱ እናትና አባቶች፣ ጫማና መለያ ለመግዛት አልሰሰታችሁም፣ ተባረኩ። ግን ስለ ሉሲዎቹ አንድ ቀን አውርታችሁላት ታውቃላችሁ? 18 ከሞላት በኋላ ያላት አንድ ዓመት ብቻ እንደሆነስ ነግራችኋታል? አልፈልግም ብትል መብቷ ነው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት መተው ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም ብሆን ሁለቴ አስባለሁ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ከሰው ከምትሰማው ግን ዛሬ ከእናንተ ትስማው።