በሆድ ማስተኛት የኮሮና ግኝት አይደለም
«በሽተኛን በሆዱ ማስተኛት በኮሮና ጊዜ የተገኘ ዘዴ ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ጌራን በዚህ ዘዴ ላይ ያደረገውን ጥናት ያወጣው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው። 466 ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ፣ በማሽን የሚተነፍሱ ሕሙማን ነበሩ። በጀርባቸው ከተኙት በ28 ቀን ውስጥ 32.8 በመቶ ሞቱ፤ በሆዳቸው ከተኙት ደግሞ 16 በመቶ። ግማሽ እኮ ነው! የጣሊያን ሐኪሞች በ2001 (እ.ኤ.አ.) ሞክረው ሞት አልቀነሰላቸውም ነበር። እነሱ ግን በቀን 7 ሰዓት ያህል ነበር የሚያስተኙት፣ ጌራን ቢያንስ 16 ሰዓት ሳያቋርጥ። የመረጣቸውም በጣም የታመሙትን ነው። «ገልብጦ ማስተኛትም ሕክምና ሆነ?» ላልከው ወንድሜ፦ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርስ ነኝ፣ መጥተህ ብታየው ጥሩ ነበር። በጀርባ ሲተኛ ልብ ራሱ ከኋላ ያለውን ሳንባ ይጫነዋል፤ ሲገለበጥ ያ ክፍል ይከፈታል። አንድ ሰው ለመገልበጥ አምስት እንሆናለን። አንዱ ራስጌ ቆሞ የመተንፈሻ ቱቦውን ብቻ ይይዛል፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለውም እሱ ነው። ቱቦው ከወጣ ጉድ ፈላ። ዓይኑ በፕላስተር ይዘጋል፣ ጭንቅላቱ በየጊዜው ግራና ቀኝ ይዞራል። በነጋታው ፊቱ አብጦ ሲያዩት ቤተሰቦቹ «ምን አደረጋችሁት?» ብለው ይደነግጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ተረኞቹ ሦስት ብቻ ስለነበርን መገልበጥ የነበረበትን ሰው በጀርባው አሳደርነው።