የድሮ ልጅና የዘንድሮ ልጅ፦ የቅርጫት ኳስ ክርክር በአሜሪካና በጅማ

አሜሪካ ውስጥ አበሾች በተሰበሰቡበት የቅርጫት ኳስ ወሬ ከተነሳ ማረፊያው ይታወቃል፤ የድሮዎቹ ዛሬ ቢሆን ይጫወቱ ነበር ወይ? ጅማም ያው ነው። ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ጎልማሶቹ «የኛ ጊዜ ልጆች» ሲሉ ወጣቶቹ ስልክ አውጥተው ከሩቅ በመወርወር የታወቀውን ስቴፈን ከሪን ያሳያሉ። ዋሽንግተን ላይ ማታ የሚጀመር ጨዋታ ጅማ የሚደርሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ብዙው ወጣት የሚያየው ጠዋት ላይ የተቀነጨበውን ነው። እዚያ ውስጥ የሳተ ኳስ የለም። ጎልማሶቹም ቢሆኑ የሚያስታውሱት የገባውን ነው።

ልዩነቱ አሜሪካኖቹ የሚያካፍሉት ቁጥር አላቸው። ሳይካፈል ደግሞ ቁጥርም ያሳስታል። ከድሮዎቹ ኦስካር ሮበርትሰን በ1961–62 የውድድር ዘመን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በአማካይ 30.8 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 11.4 አሲስት (ለሚያስቆጥር ጓደኛ ማቀበል) ነበረው። ከቅርቦቹ ራስል ዌስትብሩክ በ2016–17 ያመጣው 31.6፣ 10.7 እና 10.4 ነው። በሪባውንድ ሮበርትሰን የበለጠ ይመስላል። ግን በእሱ ዘመን አንድ ቡድን በጨዋታ ከ100 ጊዜ በላይ ይወረውር ነበር፤ ከግማሽ በላዩም ይስት ነበር። ሪባውንድ የሚገኘው ከሳተ ኳስ ነውና አንድ ቡድን በጨዋታ 70 ገደማ ይሰበስባል። በዌስትብሩክ ዘመን ወደ 43 ወርዷል። በየዘመናቸው ለአንድ ቡድን አማካይ ሪባውንድ ሲካፈል ሮበርትሰን ከመቶ 18 ገደማ፣ ዌስትብሩክ ከመቶ 25 ገደማ ይዟል። ያውም ሮበርትሰን በጨዋታ ከ44 ደቂቃ በላይ ሜዳ ላይ ሲቆይ ዌስትብሩክ 35 አይሞላም ነበር። ለሮበርትሰንም የሚባል አለ፤ የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) የገባው በ1979 ስለሆነ ከሩቅ ያስቆጠረው ሁሉ የተቆጠረለት በሁለት ነው።

እዚያም መዝገቡ ክፍተት አለው። ዊልት ቻምበርሌይን በማርች 2 ቀን 1962 አንድ መቶ ነጥብ ያስቆጠረበት ጨዋታ የራዲዮ ቅጂ እንጂ ምስል የለውም። የቢል ራስል ብሎኮች (ያገዳቸው የተቃራኒ ውርወራዎች) ስንት እንደነበሩ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ብሎክ መመዝገብ የተጀመረው በ1973–74 ነው፣ እሱ ካቆመ በኋላ።

ወደ ጅማ ስንመለስ፣ የሰፈር ጨዋታ ኳስ የያዘ ቡድን እስኪወረውር የሚሰጠው የ24 ሰከንድ ሰዓት የለውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤንቢኤ ራሱ ያለ ሰዓት ሲጫወት፣ በኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ሚኒያፖሊስን 19 ለ18 አሸንፏል፤ ከ18ቱ 15ቱን ያስቆጠረው ጆርጅ ማይከን ብቻውን ነበር። መሪው ቡድን ኳሱን ይዞ ቢቆም የሚከለክለው አልነበረም። ሰዓቱ የመጣው በ1954 ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ 12 ነጥብ ያስቆጠረን ልጅ ሰዓት ባለበት ሜዳ 20 ካስቆጠረ ጋር ዝም ብሎ ማስተያየት ግፍ ነው።

ቀለበቱም ይለካ። ልጆች ሲንጠለጠሉበት ፊቱ ያዘነብላል። ከመሬት እስከ ቀለበቱ የላይኛው ጠርዝ 3.05 ሜትር መሆን አለበት፤ ሜትሩን በፊት፣ በኋላና በሁለቱ ጎን ዘርጉት። ፊቱ 5 ሳንቲም ከወረደ ከቅርብ መወርወር ይቀላል። መረብ ከሌለ ደግሞ «ገባ፣ አልገባም» ጭቅጭቅ ነው።

የሦስት ነጥብ መስመርም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ ርቀት 6.25 ሜትር ነበር፤ ከ2010 ወዲህ 6.75 ነው። የድሮ ቀለም ባልታደሰበት ሜዳ የሚጫወት ተኳሽ ግማሽ ሜትር ይቀርበዋል። ለማረም ከቀለበቱ መሃል ድንጋይ በገመድ አንጠልጥሎ መሬቱን ምልክት ማድረግ ነው፤ ነጥቡ ከኋላው መስመር ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ላይ ካልወደቀ መጀመሪያ ምሰሶው ይስተካከል። ከዚያ 6.75 ሜትር ሲባጎ አስሮ በጠመኔ ማዞር፤ ያ የመስመሩ የውጭ ጠርዝ ነው። ወደ ማዕዘኑ ሲደርስ ግን ቅስቱ ይቀርና ከጎን መስመሩ 90 ሳንቲም ገባ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል።

ከዚያ መመዝገብ። አንድ ሰው፣ አንድ ደብተር። ለየቡድኑ አራት ነገር ይቆጠራል፦ ውርወራ፣ ቅጣት ምት፣ በስህተት የጠፋ ኳስ፣ ራስ ስቶ ራስ የወሰደው ሪባውንድ። ውርወራው ላይ የቅጣት ምቱን 0.44 እጥፍና የጠፋውን ኳስ ደምሮ፣ የተመለሰውን ሪባውንድ ቀንሶ የማጥቃት ተራ ይገኛል። 62 ውርወራ፣ 14 ቅጣት ምት፣ 18 የጠፋ ኳስና 11 የተመለሰ ሪባውንድ 75 ተራ ይሆናል። ሙሉ ጨዋታ ተጫውቶ 24 ነጥብ ያስቆጠረ ልጅ በመቶ ተራ 32 ማለት ነው። በቀዘቀዘ ጨዋታ፣ በ60 ተራ 21 ያስቆጠረው ግን 35 ይወጣለታል። ከ24ቱ 21ዱ በልጧል፤ በዓይን ብቻ ይህ አይያዝም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጠፋው ኳስ ነው፣ ሰው ሁሉ ቀለበቱን ስለሚያይ። እሱን ብቻ የሚቆጥር ሌላ ልጅ ቢኖር ጥሩ ነው።

የጅማ ክረምት ጣሪያ በሌለው ሲሚንቶ ላይ አያጫውትም፤ እርጥብ ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚታጠፍ ተጫዋች ስለሚንሸራተት ችሎታው ይደበቃል። መስከረም ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ መጀመር ይሻላል። በገጹ ራስጌ ቀኑ፣ የተጫወቱት ደቂቃና የቀለበቱ ከፍታ ይጻፍ፤ ጨዋታው እንዳለቀም ገጹ በስልክ ፎቶ ይነሳ።