ታስክባሩ የት ይሁን? ውሳኔው የተጠቃሚው ነው

ላፕቶፔ ላይ ታስክባሩን፣ ማለትም የስታርት ቁልፉና የተከፈቱት ፕሮግራሞች የሚደረደሩበትን የዊንዶውስ ባር፣ ያስቀመጥኩት በግራ ጠርዝ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ምን ነክተህበት ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሆን ብዬ ነው ያዞርኩት። ስክሪኔ 1366 በ768 ፒክስል ነው፤ ወርዱ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር። ቀኑን ሙሉ የምውለው ጽሑፍ ሳርም ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚረዝመው። ታስክባሩ ከታች ሲሆን ካለችኝ ትንሽ ቁመት ላይ ይሻማኛል። ወደ ጎን ሲዞር ግን የሚይዘው ከገጹ ዳርና ዳር ያለውን፣ ማንም የማይጠቀምበትን ባዶ ቦታ ነው። አንድ ቀን ያንኑ ሰነድ በሁለቱም አቀማመጥ ከፍቼ መስመር ቆጠርኩ። በግራ ሲሆን ሁለት መስመር ይበልጣል። ሁለት መስመር ለሚያርም ሰው ብዙ ነው፤ የማርመውን ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ካለው ጋር ገጹን ሳላንቀሳቅስ አያይዤ አነባለሁ ማለት ነው።

ይህ ምርጫ አዲስ ነገር አይደለም። ታስክባር ከዊንዶውስ 95 ጋር በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ጀምሮ በማውስ ይዞ ወደ አራቱም ጠርዞች መጎተት ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዊንዶውሶችም እስከ ዊንዶውስ 10 ድረስ ይህንን ጠብቀዋል። በጥቅምት 2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ግን ታስክባሩ እንደ አዲስ ተሠርቶ ከታች ብቻ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ለተጠቃሚው የቀረለት አይኮኖቹን መሃል ወይም ግራ ማድረግ ብቻ ነበር። ቁመቱም ከ40 ወደ 48 ፒክስል አደገ። 768 ፒክስል ቁመት ባለው ስክሪን ላይ ይህ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። በ1995 የነበሩት ስክሪኖች ወርዳቸውና ቁመታቸው ብዙም አይበላለጥም ነበር፤ 640 በ480፣ ወይም 800 በ600። ያኔ ታስክባሩን ከታች ማድረግ የሚያስከፍለው ነገር ትንሽ ነው። ዛሬ ስክሪኑ ወደ ጎን ተለጥጦ ወርድ ሲተርፈንና ቁመት ሲያጥረን፣ ባሩን ወደ ጎን የማዞሩ ምርጫ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተነሳ።

ማይክሮሶፍት በ2022 የሰጠው ማብራሪያ ሁለት ነገር ነበረው፤ ሥራው ከባድ ነው፣ ፈላጊውም ትንሽ ነው። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ባሩ ቦታ ሲቀይር የስታርት ሜኑው፣ ማሳወቂያዎቹና የቀን መቁጠሪያው ሁሉ በየት በኩል እንደሚከፈቱ እንደገና መታሰብ አለበት፤ የተከፈቱት ፕሮግራሞችም ቦታቸውን ማስተካከል አለባቸው። ይህ የእውነት ድካም ነው። «ፈላጊው ትንሽ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ዊንዶውስ ከአንድ ቢሊዮን በላይ መሣሪያዎች ላይ ነው የሚሠራው። ከመቶ አንዱ ብቻ ቢፈልገው እንኳ አሥር ሚሊዮን ነው። ለዚህ ብሎ ሴቲንግ ከፍቶ የሚያስተካክል ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ፊት የሚውል፣ እንጀራው እዚያ ላይ የሆነ ሰው ነው።

የእጅንም ነገር አንርሳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው እጅ ወደ አንድ ነገር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በነገሩ መጠን ይወሰናል። የስክሪን ጠርዝ ምቹ የሆነው ለዚህ ነው፤ የማውሱ ቀስት እዚያ ሲደርስ ስለሚቆም ማለፍ አይቻልም። ግን የትኛው ጠርዝ ይቀርባል? ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ላደረገ፣ ስክሪኑን በቁመቱ አዙሮ ለሚሠራ፣ እጁን እንደልቡ ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰው መልሱ አንድ አይሆንም።

«ጀማሪው ሳያውቅ ጎትቶ ያጠፋዋል» የሚል ክርክርም እሰማለሁ። ለዚህ መልስ የተገኘው በ2001 ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ታስክባሩን የሚቆልፍ ምርጫ ይዞ መጣ። ሲጀመር ከታች ይሁን፣ ይቆለፍ፤ የፈለገ ከፍቶ ያዙረው።

ሌሎቹ ጋ ስንሄድ፣ በሊኑክስ ላይ ኬዲኢ ፕላዝማ የተባለው የዴስክቶፕ ገጽታ ፓነሉን፣ ማለትም የራሱን ታስክባር፣ በአራቱም ጠርዝ ያስቀምጣል። ማክ ላይ የታስክባሩን ሥራ የሚሠራው ዶክ በግራ፣ በቀኝ ወይም ከታች ይሆናል። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ዩኒቲ ከሚባለው የቀድሞ ገጽታው ጋር ባሩን በግራ ቸክሎት ነበር፤ ተጠቃሚው ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ በ2016 ወደ ታች ማውረድ ተፈቀደ። ዊንዶውስ 11 ላይ እንደ ኤክስፕሎረርፓቸር ያሉ የውጭ ፕሮግራሞች መንገድ ይከፍታሉ፤ ነገር ግን የሲስተሙን ሆድ ዕቃ ስለሚነካኩ አንድ አፕዴት ሲመጣ ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ባር ለማዞር ሰው ይህን ያህል ስጋት ውስጥ መግባት የለበትም።

ምርጫው ሲመለስ ደግሞ በግማሽ መመለስ የለበትም። አራቱም ጠርዞች ይፈቀዱ፣ ስፋቱም በእጃችን ይሁን። ባሩ በጎን ሆኖ ሰፋ ሲል የተከፈቱት ሰነዶች ስም አንዱ ከአንዱ በታች ይደረደራል። አሥር ሰነድ ከፍቼ ስሠራ ከታች ያለው ባር ላይ ስማቸው ተቆራርጦ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፊደላት ብቻ ይቀራሉ፤ በጎን ግን የእያንዳንዱን ስም ሙሉውን አንብቤ የፈለግኩትን በአንድ ጠቅታ እከፍታለሁ።